ስለ ጉርድ ፎቶግራፍና ስለ ምስክሩ

የዚህ መጽሔት አንባቢ ሁሉ የኪሱን ቦርሳ ቢፈትሽ አንድ ወይም ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ እንደማያጣ እርግጠኞች ነን። ተማሪ ያለ ጉርድ ፎቶግራፍ ወዴትም አይሄድም። ለመመዝገቢያው አንድ፣ ለምግብ ቤቱ ካርድ አንድ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ አንድ፣ «ለማንኛውም ይሁን» ተብሎ ደግሞ ሁለት ይጠየቃል። በደብረ ማርቆስ ከተማ ያሉት ፎቶግራፍ አንሺዎችም ቃላቸውን እንደ ጸሎት በቃላቸው ይዘውታል፤ «ቀና በል፣ ጆሮህ ይታይ፣ አትሣቅ» ይላሉ። ከጮቄ ተራራ ሥር የመጣ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ነጭ ጨርቅ ፊት ሲቀመጥ ፍርድ እንደሚጠባበቅ ሰው ያደርገዋል። ሐዘን ላይ ያለች እናት ጥቁር ሻሿን አውልቂ ስትባል ምን እንደሚሰማት አንዳንዶቻችን ከእናቶቻችን ጋር ቆመን አይተነዋል። ይህ ሁሉ ግን የነገሩ ቀላል ክፍል ነው። ፎቶግራፉ በሰዓት ይደርሳል። የማይደርሰው «ይህ ፊት በእውነት የዚህ ስም ባለቤት ነው» ብሎ የሚፈርመው ሰው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣን በ2014 ዓ.ም. የገጠመን ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ከመካከላችን ጥቂቶቹ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። ከምንማርበት ግቢ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በሰው ቤት በሠራተኝነት የምትኖር አንዲት ልጅ ነበረች። በማታ ትምህርት 8ኛ ክፍል ትማር ስለ ነበር እሑድ እሑድ ሒሳብና እንግሊዝኛ እናስጠናት ነበር። የተወለደችው በቢቸና በኩል ባለ ገጠር ነው፤ ወደ ከተማ የመጣችው በ12 ዓመቷ ነው፤ በዚያ ጊዜ 18 ዓመት ሞልቷት ነበር። የሦስት ዓመት ደመወዟ «ይቀመጥልሽ» ተብሎ በእመቤቲቱ እጅ ነበር። ልጅቱም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም በራሷ ስም የባንክ ደብተር ማውጣት። ባንኩ መታወቂያ አምጪ አላት። ቀበሌው ደግሞ ከተወለድሽበት ቀበሌ የመልቀቂያ ደብዳቤ አምጪ፣ የታደሰ መታወቂያ ያላቸው ሦስት የቀበሌው ነዋሪዎችም ያውቁኛል ብለው ይፈርሙልሽ አላት።

ደብዳቤውን ለማምጣት ሁለት ቀን ፈቃድ ለምና ሄደች። የተወለደችበት ቀበሌ ሊቀ መንበር የመለሱላት መልስ እስከ ዛሬ ያስቀናል፤ «ልጄ፣ አንቺ ከዚህ የወጣሽ ሕፃን ሆነሽ ነው፤ በመዝገባችን የለሽም፤ ያልያዝነውን እንዴት አድርገን እንለቃለን?» አሏት። ነገሩን ስናስበው ሊቀ መንበሩ አልተሳሳቱም። ግን ልጅቱ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ምስክር መፈለግ ጀመርን። እመቤቲቱ «ነገ ምን እንደምታደርግ ማን ያውቃል? እኔ በሰው ጉዳይ አልፈርምም» አሉ። ነገሩ ደመወዙን ለማስቆጠር መሆኑን ሳያውቁት የቀሩ አይመስለንም። በመንገዱ ዳር እንጀራ የሚሸጡ እትዬ የምንላቸው ሴት ግን ልጅቱን ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ያውቋታል፤ ስትታመም ሆስፒታል የወሰዷት እሳቸው ናቸው፤ በዓመት በዓል ጸጉሯን የሚሠሯት እሳቸው ናቸው። ሥራቸውን ጥለው ነጠላቸውን አጣፍተው ቀበሌ ድረስ መጡ። መታወቂያቸው ጊዜው ካለፈ አራት ወር ሆኖት ስለ ነበር ተመለሱ። የማታ ትምህርት ቤት መምህሯም ፈቃደኛ ነበሩ፤ ግን የሚኖሩት በሌላ ቀበሌ ነበር። እኛም ቀርበን ነበር። «እናንተ እኮ የትምህርት ቤት እንግዶች ናችሁ፤ ነዋሪ አይደላችሁም» ተባልን።

ከጽሕፈት ቤቱ አጥር ሥር ጥላ ይዘው የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ። የታደሰ መታወቂያ አላቸው፤ የቀበሌው ነዋሪዎች ናቸው፤ ሥራቸውም ይኸው ነው። ለአንድ ፊርማ 150 ብር ተስማማን፤ ገንዘቡንም ከኪሳችን አዋጣን። ሦስቱ ሰዎች ገብተው «ስድስት ዓመት ሙሉ በጥሩ ጠባይ እናውቃታለን» አሉ። ከእነርሱም አንዱ ብዕሩን ይዞ ወደ ልጅቱ ዘወር አለና «ስምሽ ማን ነበር?» ሲል ጠየቃት። ጸሐፊው ሰምቷል። ቀና ብሎ አየን፣ እኛም መሬት መሬት አየን፤ ከዚያም ግማሹ በፎቶግራፉ ላይ፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ማኅተሙን መታው።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ገንዘቡን የሰጠነው እኛ ነንና። ሐሰተኛ ምስክርነት በሕግም በሃይማኖትም የተከለከለ መሆኑን ሳናውቅ ቀርተን አልነበረም። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲከነክነን ኖሯል። እውነቱን የሚያውቁት ሁሉ ተራ በተራ ተመልሰው፣ ምንም የማያውቁት ሦስቱ ብቻ ያለ ችግር ማለፋቸው እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ ሩቅ አይደለም። ምስክሩ የተጠየቀው ስለ ራሱ ወረቀት እንጂ ስለሚመሰክርለት ሰው አይደለም። «መታወቂያህ ታድሷልን?» የሚል እንጂ «ይህችን ልጅ ከየት ታውቃታለህ?» የሚል ጥያቄ አልቀረበለትም።

የአገራችን የጥንት ልማድ የተለየ ነበር። በቀድሞ ዘመን ማኅተም የሚኖረው ለደብዳቤው ነበር እንጂ ለሰውየው አልነበረም። መንገደኛ አገሩን፣ ደብሩን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጠየቃል፤ ከሚያስተናግዱትም መካከል የደብሩን ቄስ ወይም የአጎቱን ልጅ የሚያውቅ ሰው ሲገኝ ነገሩ ያበቃል። በጎጃም ርስት ለመካፈል የሚመጣ ሰው ትውልዱን እስከ ዋናው አባት ድረስ ቆጥሮ ያስረዳ ነበር፤ ልክ መሆን አለመሆኑን የሚናገሩትም ዘሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ነበሩ። ለቅኔ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ ዋሸራ ከሩቅ አገር የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ደግሞ ዘመዱም አገሩም የማይታወቅ ነው። ግን «የእገሌ ተማሪ ነኝ» ካለና መምህሩ «አዎን፣ የእኔ ነው» ካሉ ሌላ ጥያቄ የለም። የኔታ ያንን ተማሪ የሚያውቁት በአንድ ቀን አይደለም፤ ሲያጠፋ ገሥጸውት፣ ሲራብ አይተውት፣ ቅኔው ሲበላሽ አርመውት ነው።

ይህን ስንል ያለፈውን ዘመን ለማወደስ አይደለም። ያ ልማድ ድኻውንና ባዕዱን፣ በተለይም አባቷን ልትጠራ የማትችለውን ሴት ልጅ ደጅ ሲያስቀር የኖረ ነው። ከዚህም በላይ ከተማ ሲሰፋ ሁሉ ሁሉን ሊያውቅ አይችልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትና ጋብቻ ሞትም በመዝገብ እንዲሰፍሩ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ያው ሕግ በመጨረሻው ክፍል ይህ ምዝገባ ወደፊት በትእዛዝ እስኪገለጽ ድረስ እንዲቆይ አደረገው። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። 56 ዓመት ማለት ነው! በዚህ መካከል የተወለደ ሰው፣ ማለትም ከእኛ አብዛኞቹና ወላጆቻችን በሙሉ፣ መወለዳችንን የሚያውቀው የጎረቤት አፍ ብቻ ነው። በከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ስም ቀበሌ የሚባለው ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ሲቋቋም ይህን የጎረቤት አፍ ወደ ወረቀት የመለወጡ ሥራ በእርሱ ላይ ወደቀ። ሦስት ምስክር የሚባለው ነገር ትርጉሙ ይኸው ነው፤ መዝገቡ ባልነበረበት ዘመን የነበረውን ጎረቤት በመዝገቡ ፈንታ ማቆም ነው። እንግዲህ በመዝገብ ፈንታ የቆመውን ጎረቤት መልሶ «አንተስ መዝገብህ የታለ?» ማለት ክብ ሆኖ የሚዞር ነገር አይሆንምን?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። ፎቶግራፍ በፓስፖርት ላይ መለጠፍ የተስፋፋው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ካርል ሎዲ የተባለ የጀርመን ሰላይ በአሜሪካዊ ሰው ፓስፖርት ወደ እንግሊዝ አገር ገብቶ ተይዞ በ1914 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ተገደለ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዞች በፓስፖርታቸው ላይ ፎቶግራፍ እንዲኖር አዘዙ። ፎቶግራፉ ብቻውን ግን የማንም ሊሆን ስለሚችል ምስክር አስፈለገው። በዚያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስፖርት የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚያውቀው፣ ዘመዱ ያልሆነ፣ የታወቀ ሙያ ያለው ሰው ማንነቱን ያረጋግጥለት ዘንድ ይገባዋል። ለዚህ የተፈቀዱት ሙያዎች ዝርዝር ረጅም ነው፤ መምህር፣ የባንክ ሹም፣ የሃይማኖት አገልጋይ ይገኙበታል፤ የመጠጥ ቤት ባለ ፈቃድና የቀብር አስፈጻሚም አሉበት። ሐኪም ግን ታካሚውን በወዳጅነትም ካላወቀው በቀር አይፈርምለትም። ይህን ዝርዝር ስናነብ ሣቅን፣ ከዚያም ቆም ብለን አሰብን። የቀብር አስፈጻሚ በእንግሊዝ አገር ለሰው ፊት ከመሰከረ፣ የእኛ የዕድር ዳኛ ምን አነሰው? የዕድር ዳኛ እኮ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በየቤቱ፣ ከነልጆቹ፣ ከነሐዘኑ የሚያውቅ ነው፤ ቀሪውንና የመጣውን በስም እየጠራ ይቆጥራል።

የካናዳ መንግሥት ደግሞ እንደ እንግሊዞች ያለ የሙያ ዝርዝር ሲጠቀም ኖሮ በ2007 እ.ኤ.አ. ተወው። ከዚያ ወዲህ የአገሩን ፓስፖርት የያዘና አመልካቹን ሁለት ዓመት የሚያውቅ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ መፈረም ይችላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ድኻ ሰው የባንክ ሹም ወዳጅ የለውም። ሙያ የሚቆጥር ሕግ ወዳጅነትን በደመወዝ መለካቱ አይቀርም።

ከሩቅ አገር ይልቅ ግን እዚሁ በአጠገባችን፣ በጎዛምን ወረዳ የተሠራው ሥራ የበለጠ ያስተምረናል። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ በ1992 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀመር አስቀድሞ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ ጎዛምን ነበረ። ወላጆቻችን አረንጓዴ ደብተር የሚሉት ማለት ነው። በዚያ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፋል። ሚስት ፊቷ ከባሏ ፊት እኩል በመንግሥት ወረቀት ላይ መውጣቱ ለብዙዎቹ እናቶቻችን የመጀመሪያቸው ነበር። ወሰኑን የመሰከረው ማን ነው? አዋሳኙ ገበሬ ነው። «ከዚህ ግራር እስከዚያ ቦይ የእገሌ ነው» ብሎ እየረገጠ ያሳየው እርሱ ነው። ከገበሬው መካከል የተመረጠው ኮሚቴም የተመዘገበውን በሕዝብ ፊት ያሰማ ነበር፤ የተሳሳተ ካለ የሚቃወም ሰው እዚያው ይነሣል። አዋሳኙ መታወቂያው ታድሶ እንደ ሆነ የጠየቀው ሰው መኖሩን አልሰማንም፤ አዋሳኝ መሆኑ ይበቃ ነበር። በዚህም ሥራ ጭቅጭቅ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሐሰተኛው ምስክር በእውነተኞቹ ጎረቤቶች ፊት ቆሞ መናገር ነበረበት። በአጥር ሥር ተቀምጦ መነገድ እዚያ አይቻልም።

ለሹሞቹም ቢሆን ፍርድ መስጠት ይገባናል። በሁለት ስም ሁለት መታወቂያ የሚያወጣ ሰው አለ። ከተማው ሰፍቷል፤ አንድ ጸሐፊ በቀን የሚመጣለትን ሰው ሁሉ ሊያውቅ አይችልም፤ ነገር ሲበላሽ ተጠያቂው እርሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ጥንቃቄው ቢጠብቅ አያስደንቅም። ግን ይኸው ጊዜ ነው ያለ ወረቀትና ያለ ጎረቤት የቀረውን ሰው ያበዛው። ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው መታወቂያውን ቢረሳ ማን ይፈርምለታል? አብሮት የተሰደደው ነው፤ እርሱም ወረቀት የለውም። በመንገድም ሆነ በባንክ በየበሩ «መታወቂያ» በሚባልበት ዘመን ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ሰዎች ለመፈረም የሚፈሩት ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም። በአገራችን ምስክርና ዋስ ተቀላቅለዋል። ሥራ የሚገባ ሰው ዋስ ሲጠየቅ፣ ዋሱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣል፤ ሠራተኛው ቢያጎድል ዋሱ ይከፍላል። ይህን ያየ ሁሉ ለመታወቂያ ፎቶግራፍም ሲጠየቅ ያው ዕዳ ይመስለዋል። ከእኛ የአንዱ አያት ለጎረቤታቸው ልጅ እንዲመሰክሩ ቢለመኑ «ጣቴን ከወረቀት ላይ አላሳርፍም፤ ወረቀት መሬት ይበላል» ብለዋል። ያስቃል እንዳንል ደግሞ፣ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብሩ አዋጅ ምክንያት ሲነሣ «መሬታችን ሊለካ ነው» የሚለው ሥጋት አብሮ ነበረበት፤ አያት የሚናገሩት ያዩትን ነው። እንግዲህ በቀበሌው ቅጽ ላይ «ይህ ምስክርነት የዕዳ ዋስትና አይደለም» የሚል አንድ መስመር ቢታተም ስንት እውነተኛ ምስክር በተገኘ!

ሐሳባችን ይኸው ነው። ምስክሩ አመልካቹን በምን እንደሚያውቀው በጽሑፍ ወይም በቃል ይጠየቅ፤ «በዕድር፣ በትምህርት ቤት፣ በንስሐ ልጅነት፣ በጉርብትና» ብሎ ይመልስ፤ ጸሐፊውም አንድ ሁለት ጥያቄ ይጨምርበት። እናቷ ማን ይባላሉ? የት ትሠራለች? እንዲህ ቢደረግ በአጥሩ ሥር ያለው ንግድ በሳምንት የሚዘጋ ይመስለናል። የዕድር ዳኛ፣ የነፍስ አባት ወይም የመስጊድ ኢማም፣ የክፍል መምህር፣ የሚኖሩት በሌላ ቀበሌ ቢሆንም እንኳ ቃላቸው ይቀበል። መታወቂያው በወራት ያለፈበት ጎረቤት መታወቂያውን ያድስ ዘንድ ይመከር እንጂ እውቀቱ አብሮ ጊዜው እንዳለፈበት አይቆጠር። አሠሪ ደግሞ በቤቱ ለሚኖር ሠራተኛ መመስከርን እንቢ ማለት መብቱ ሆኖ መቅረቱ ለእኛ ፈጽሞ አይገባንም። በአንድ ጣሪያ ሥር ስድስት ዓመት ያደረችን ልጅ «አላውቃትም» የሚል ሰው ምን ያውቃል?

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በዚህ ረገድ አንድ በር ከፍቷል። ፋይዳ የተባለው መታወቂያ የአሥሩን ጣት አሻራና የዓይን ብሌን ከፎቶግራፉ ጋር ይዞ ለአንድ ሰው አንድ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። ሰነድ የሌለው ሰውም አስቀድሞ የተመዘገበ ሰው ምስክር ሆኖት መመዝገብ ይችላል። አሻራው ሰውየው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ይከለክላል፤ ስሙ ማን እንደ ሆነ ግን አሻራ አይናገርም፤ ለዚያ አሁንም የሰው አፍ ያስፈልጋል። መኪናው ገጠር ሲደርስ መስካሪው ማን እንደሚሆን ከአሁኑ ቢታሰብበት መልካም ነው።

ያች ልጅ የባንክ ደብተሯን በዚያው በ2014 ዓ.ም. አወጣች። ከደመወዟ ግማሽ የሚሆነውን ተቀበለች፤ ቀሪው ገና በክርክር ላይ ነው። ዛሬ በአንድ ምግብ ቤት ትሠራለች፣ ፋይዳም ከቀደሙት ጋር ወጥታላታለች። ባለፈው ግንቦት ወደ እኛ መጥታ የነገረችንን በዚሁ እንጨምር። እንጀራ የሚሸጡት እትዬ መታወቂያቸው ሳይታደስ ቆይቶ በመጨረሻም ጠፍቶባቸው ኖሯል። ያለ ሰነድ ስለ ቀረቡ ምስክር ተጠየቁ፤ የመሰከረችላቸውም እርሷ ናት። መዝጋቢው «እኚህን ሴት ከየት ታውቂያቸዋለሽ?» ሲል ጠይቋታል። «የዚያን ጊዜ ስታመም ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው» ብላ መለሰች። ከዚያም እትዬ ከነጭ ጨርቁ ፊት ተቀመጡ፣ ሻሻቸውንም አወለቁ፤ «አትሣቂ» ቢባሉም መሣቃቸው አልቀረም፤ ሁለት ጊዜ ተነሡ።